ሜግ የማይገባት ቋንቋ

በእኛ መንደር፣ እዚህ ዌልስ ተራሮች ላይ፣ ሰው በዌልሽ ይነጋገራል፤ የበግ ውሻ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይታዘዛል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጎረቤቴ ኤምሪስም ውሻውን ሜግን “ተኚ”፣ “በግራ ዙሪ”፣ “በቃሽ” የሚላት በእንግሊዝኛ ነበር። ከዚያ ያለፈ እንግሊዝኛ የለውም። አንዴ መንገድ የጠፋበትን የለንደን ጎብኚ “በግራ ዙር! በቃህ!” ብሎ ሸኝቶታል። ሰውየው በትክክል ደረሰ።

ችግሩ የመጣው ሜግ ዌልሹንም ለቃቅማ ስትጨርስ ነው። “መታጠብ” ከተባለ አልጋ ስር ትገባለች። “ሐኪም” ከተባለ የምትገኘው ተራራ ላይ ነው። ኤምሪስና ሚስቱ በገዛ ቤታቸው መንሾካሾክ ጀመሩ።

“እሷ የማታውቀውን ቋንቋ እንማር” አለች ሚስቱ ኔስታ።

“በዚህ ዕድሜዬ?”

“ታዲያ ውሻ እየፈራን እንሙት?”

የፖስተኛው ሚስት ኦዲል ፈረንሳዊት ናት። ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ በመንደሩ አዳራሽ ፈረንሳይኛ አስተማረቻቸው። ሜግ ብቻዋን ስትቀር ስለምታላዝን ይዘዋት ይሄዳሉ፤ እሷም ጠረጴዛው ስር ትተኛለች። ይህ ማንንም አላሳሰበም።

በጸደይ የሜግ ጥርስ ታመመ። ኤምሪስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በፈረንሳይኛ፣ “ነገ ሐኪም ጋ እንወስዳታለን” አለ። ኔስታ ለመመለስ ገና አፏን ሳትከፍት ሜግ ከሶፋው ኋላ ገባች።

ኦዲል ይህን ስትሰማ በሳቅ ፈነዳች። “ምን ላድርጋችሁ? ከሦስታችሁ ትምህርቱ የገባት እሷ ብቻ ናት!”

ሜግ በማግስቱም አልወጣችም። ኤምሪስ ቢቸግረው ወለሉ ላይ በሆዱ ተኛና በዌልሽ፣ ከሰው ጋር እንደሚያወራ ሆኖ፣ “ስሚኝ የኔ እናት፣ ጥርስሽ በስብሷል። ይነቅሉልሻል። መርፌው ትንሽ ያምሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስድሻል። ከአጠገብሽ አልነቃነቅም። ተደብቀን መዶለታችን ነውር ነው” አላት።

ሜግ ትንሽ ቆይታ ወጣች። አቧራዋን አራገፈችና ሄዳ መኪናው በር ላይ ቆመች።

የኤምሪስ ዓይን እንባ አቀረረ። ኔስታ ግን ወገቧን ይዛ፣ “አንተ ሰውዬ! ከተጋባን ጀምሮ እኔን እንዲህ አስረድተኸኝ ታውቃለህ?” አለችው።

“ምኑን ላስረዳሽ?”

“ፒያኖዬን ለምን እንደሸጥከው!”

መንገድ ላይ ማስረዳት ጀመረ። ሐኪሙ ደጃፍ ሲደርሱ ነገሩ ገና መሃሉ ላይ ስለነበር ኔስታ “እለፈውና ንዳ!” አለችው። ሐይቁን እየዞሩ ተጨቃጨቁ። ሜግ የታመመ ጥርሷን ይዛ ከኋላ ታዳምጣለች።

ጥርሱ የተነቀለው ሐኪሙ ሊዘጋ ሲል ነው። እነ ኤምሪስ ቤት ከዚያ ወዲህ መንሾካሾክ ቀርቷል፤ ጭቅጭቃቸው እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።