ማይኩ የሰማው ጸሎት

ከምርጫው በኋላ ባሉት ወራት ሶዶ ውስጥ ሰው በገዛ ቤቱ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። የታላቅ እህቴ ባል በመንግሥት ይፈለጋል ተብሎ ከከተማው ከጠፋ ሰነባብቷል። የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እኔ ወንድሟ ጠይቄያት አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ማወቁን ራሱ ፈራሁት።

በሥራ ቀን አስተማሪ ነኝ፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ድምፅ እቀዳለሁ። ለዓመታት የሠራሁት በአሮጌው አምፕሊፋየር ነው፤ የድምፅ መለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር ነካ ካላደረገ ድምፅ ገባ አልልም። ታዲያ አንድ እንግዳ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ዲጂታል ማይክ ሰጥቶን ሄደ። ሰባኪው ሲናገር ስክሪኑን ባየው ከዜሮ በታች ሃያ ምናምን ይላል። "ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ልፍስፍስ ነው!" ብዬ ተናደድኩና ማጉያውን እስከ ጥግ ለቀቅኩት። አይ እኔ! በዲጂታል ዜሮ ማለት ጣሪያው ነው፤ ድምፅ እሱን ሲነካ ይቆረጣል። ለንግግር ከዜሮ በታች ሃያው ትክክለኛ ቦታው ነበር። ማይኩም ደካማ አልነበረም፤ እንዲያውም ትንሿን ኮሽታ ሳይቀር የሚለቅም ነው። ይህ የገባኝ በማግስቱ ነው።

ከስብከቱ በኋላ ጉባኤው እንደ ልማዳችን በአንድ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጸለየ። ሁሉም በየራሱ ይጮሃል፤ ማንም ማንን አይሰማም። ሰው ለማንም የማይነግረውን እዚያ ጫጫታ መሀል ይናገራል። እህቴ ከተንበረከከችበት የፊት አግዳሚ አጠገብ የነበረውን ማይክ ሳልዘጋው ረሳሁት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሳላዳምጥ በሲዲ ገልብጬ ለሚያባዛልን ባለሱቅ ሰጠሁት። ኮፒዎቹ ሰኞ ተሲያት ላይ ለየወረዳው ጉባኤ ይላካሉ።

ሰኞ ለምሳ ቤት ስገባ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ቀረጻውን ከፈትኩት። ስብከቱ እየተቆራረጠ ይንኮሻኮሻል። ጸሎቱ ሲጀመር ግን ከማይኩ አጠገብ ዝግ ያለች አንዲት ድምፅ ከሁሉም በላይ ጥርት ብላ ወጣች። እህቴ ናት። በወላይትኛ፣ "ጌታ ሆይ፣ ቢጠና ከተማ አክስቱ ቤት ያለውን ባሌን ሸሽግልኝ" ትላለች። ምሳዬን ትቼ ወደ ባለሱቁ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

መንገዱን ሙሉ የሚታየኝ የአክስቱ በር ሲንኳኳ ነው። ከኋላዬ የሚመጣ መኪና ሁሉ ወደ ቢጠና የሚሄድ መሰለኝ። ባለሱቁ የስልጤ ሰው ነው፤ ሶዶ ተወልዶ ያደገ፣ ወላይትኛን ከእኔ እኩል የሚናገር። የሚያባዛውን ሁሉ በር ላይ ባለው ስፒከር ሳይሞክር አያስረክብም፤ ሱቁ ፊት ደግሞ ቆሞ የሚያዳምጥ አይጠፋም። ስደርስ ስፒከሩ ዝም ብሏል። ተሰምቶ አልቆ ይሆን ብዬ ጭራሽ ይሄ ባሰብኝ።

"መምህር፣ ግባ" አለና በሩን ገርበብ አደረገው። "ስብከቱ ሲንኮሻኮሽብኝ ጊዜ ስፒከሩን ዘግቼ በጆሮ ማዳመጫ ሞከርኩት። ወላሂ፣ አንድም ኮፒ አልወጣም። ጸሎቱን ከኮምፒውተሩ አጥፍቼዋለሁ። እኔም አልሰማሁም፤ አንተም አልነገርከኝም።"

ዋናውን ሲዲ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እዚያው ሰበርኩት። ከዚያ ሱቁ ውስጥ ካለ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

ከሱቁ በቀጥታ እህቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ጎደሬ እየላጠች ነበር። ስለ ባሏ ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ቢላዋውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

"ሌላስ ምን አልኩ?" አለችኝ።

"ሌላ አልተሰማም እትዬ፤ ጫጫታ ብቻ ነው።"

ውሸቴን ነበር። ቀጥላ፣ "ካልሆነም ይያዙትና ይለይልኝ፤ እንቅልፍ ናፈቀኝ" ስትል ማይኩ አንዲት ቃል አላስቀረም። ዓይን ዓይኔን አየችኝና መስማቴን አወቀች። ነጠላዋን ስባ ፊቷን ሸፈነች፤ እኔም ላቅፋት ፈርቼ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።