ሰባተኛው ክፍት ቦታ

የያዙኝ ማክሰኞ ጠዋት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ እየጠጣሁ ነው። ሁለት ሆነው መጡ። አንዱ ስልኬን ወሰደ፣ ሌላው ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ወረቀት ሁሉ ሰበሰበ። እኔ ብርጭቆውን የት እንደማስቀምጥ ግራ ገብቶኝ እስከ መኪናው ድረስ ይዤው ሄድኩ።

ወረቀቱ የእንግሊዝኛ የማዳመጥ መልመጃ ነበር። ቦንጋ ተመድቤ ስመጣ ትምህርት ቤቱ የተቀዳ ማዳመጫ ስላልነበረው ከዘፈን እሠራ ነበር። የዚያን ሳምንት የመረጥኩት የአንድ አንጋፋ የሮክ ዘፋኝ ነው፤ ከባንዱ ወጥቶ ብቻውን ሲዘፍን የሸመገለ ፈረንጅ። ከአልበሙ አምስተኛው ዘፈን ቀስ ያለ ስለሆነ ለተማሪ ይመቻል። ግጥሙን ጻፍኩና ሰባት ቦታ ክፍት ትቼ መስመር አሰመርኩ። «አዳምጣችሁ ክፍት ቦታውን ሙሉ።» አስተማሪ ላልሆነ ሰው ይህ ምን እንደሚመስል አላሰብኩም።

የእስር ክፍሉ ግድግዳ እስከ ወገብ አረንጓዴ ቀለም፣ ከዚያ በላይ እርጥበት ነው። ውስጥ የነበሩት ስምንት ሰዎች በከፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ያወሩ ነበር፤ ስገባ ወደ እኔ ዞሩ። የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ ከማንኪራ መንደር የመጡ ንብ አናቢ ሽማግሌ ነበሩ። አዲስ ገቢ መጸዳጃ ባልዲው አጠገብ ይተኛል፤ ደንቡ ነው። እሳቸው ግን ፈቀቅ ብለው ከጎናቸው ቦታ ሰጡኝ፣ ቆጮም ቆረሱልኝ።

«ምን አድርገህ ነው?»

«አላውቅም፣ አባባ።»

«እኔም አላወቅኩም። ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ወረቀቱ ፊቱ ተዘርግቷል።

«መምህር፣ እነዚህ ሰባት ሰዎች እነማን ናቸው?»

«ሰዎች አይደሉም፤ ቃላት ናቸው።»

«ታዲያ ለምን ደበቅካቸው?»

ተማሪ እንዲያገኛቸው ልል ነበር፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብዬ ዋጥኩት። ዘፈኑን ቢያጫውቱልኝ እንደምሞላው ነገርኩት። ከስልኬ ከፈተው። ስድስቱን ሞላሁ፤ ዝናብ፣ በር፣ መንገድ፣ ጫማ፣ ጠዋት፣ እናት። ሰባተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ዘፋኙ እዚያ ጋ «ተመልሶ የሚመጣው» ይልና ዝም ይላል። ማን እንደሆነ አይናገርም፤ ጊታሩ ብቻ ይቀጥላል። ሐሳቤ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ሰው እንዲጽፍበት ነበር።

መርማሪው መጨረሻውን አራት ጊዜ ደጋግሞ አደመጠ። ክፉ ሰው አልመሰለኝም፤ እንደ እኔው ግራ የገባው ሰው ነው። የበለጠ ያስፈራኝም ይህ ነው።

«ዘፈኑን ማን ሰጠህ?» አለ በመጨረሻ። ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋሁት፤ መልሶ ገፋልኝ። «የሱን ስም ሰባተኛው ላይ ጻፍና ቤትህ ግባ። እስከ ነገ አስብበት።»

የሰጠኝ ዋጫ ከተማ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። ፍላሽ ላይ ሲገለብጥልኝ ሚስቱ አራስ ነበረች። እውነቱን ልናገር፣ ልጽፈው ፈልጌ ነበር። ፈርቼ ነበር፤ ደግሞም የማላውቀውን ጥፋት እንዴት እንደምክድ ግራ ገብቶኝ ነበር። ክፍል ስመለስ ነገሩን ሁሉ ለካቦው ነገርኳቸው።

«ዘፋኙ ማንን ነው የሚጠብቀው?» አሉኝ።

«አይናገርም።»

ትንሽ ሳቁ። «እኛ ቀፎ ሠርተን ዛፍ ላይ እንሰቅላለን፣ ባዶውን። የትኛው ንብ ይገባል ብሎ የጠየቀን የለም።» ቀጥለውም፣ «የጓደኛህ ልጅ ስንት ቀኑ ነው አልክ?»

«አሥራ ሁለት።»

«እህ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጠዋት መርማሪው እስክሪብቶ ሰጠኝ። የራሴን ስም ከነአባቴ ጻፍኩ።

«ይሄ ያንተ ስም ነው።»

«አዎ።»

«ተመልሶ የሚመጣው አንተ ነህ?»

«ከፈቀዱልኝ።»

ወረቀቱን ፋይሉ ውስጥ ከተተው። በዘጠነኛው ቀን «ዕቃህን ያዝና ውጣ» አሉኝ። ለምን እንደገባሁ አልነገሩኝም፤ ለምን እንደወጣሁም እንዲሁ። ካቦው በር ድረስ ሸኙኝ፤ እሳቸው ቀሩ።

ዛሬም እዚሁ ቦንጋ አስተምራለሁ። የጓደኛዬ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል። ከወጣሁ ከዓመት በኋላ ማንኪራ ሄጄ ንብ የሚያነቡ፣ ታስረው የነበሩ ሽማግሌ ፈልጌ ነው ስል፣ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ተያዩ። ንብ የማያነብ ሽማግሌ እዚህ የለም፣ ስማቸው ማነው አሉኝ። አላውቅም። እዚያ ውስጥ ሁላችንም ካቦ ነበር የምንላቸው፤ ጎናቸው ስተኛ ከርሜ ስማቸውን አልጠየቅኩም።

መልመጃውን በየዓመቱ እሰጣለሁ። ተማሪዎቼ ሲሞሉ እኔም አንድ ቅጂ ይዤ እቀመጣለሁ። ስድስቱን ቶሎ እጨርሳለሁ። ሰባተኛው ላይ መጻፍ የምፈልጋቸው ሰው አሉ፤ ስማቸውን ስለማላውቀው ግን ክፍቱን ትቼ ደብተር ማረም እጀምራለሁ።