የመርሰዲሱ ዓለምነህ

ወረታ ውስጥ ዓለምነህ የሚባል ሰው ጥቂት አይደለም። «የትኛው ዓለምነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ ግን «የመርሰዲሱ» ይባልና ነገሩ ያበቃል። መርሰዲሱ የእሱ ሆኖ አያውቅም። በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ የአንድ መንግሥታዊ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ የነበሩት አቶ በእውቀቱ የሚሄዱበት ጥቁር መኪና ነበር፤ ዓለምነህ ደግሞ ሹፌራቸው። መኪናው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነው። ስሙ ግን ከሰውየው ጋር አብሮ አረጀ።

የቄስ ልጅ ነው። አባቱ ቄስ ኪዳነ ማርያም ከወረታ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ሲያገለግሉ የኖሩ፣ ልጃቸውም ድቁና ተቀብሎ እንዲተካቸው የሚመኙ ሰው ነበሩ። ዓለምነህ ዳዊት ደገመ፣ ዜማም ጀመረ፤ አንድ ክረምት ሲያልፍ ግን ወደ ጎንደር ከሚወጡት የጭነት መኪኖች በአንዱ ተሳፍሮ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ሲመለስ መንጃ ፈቃድ ይዞ ነበር። ቄስ ኪዳነ ማርያም አልተቆጡም፤ በተገናኙ ቁጥር ግን የድቁናውን ነገር ያነሱበት ነበር።

መርሰዲሱን ከአዲስ አበባ ነድቶ ያመጣው ሹፌር ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት በድርጅቱ ግቢ ውስጥ ከዓለምነህ ጎን ተቀምጦ ሲያስተምረው ዋለ። ያኔ የመኪና መስኮት የሚወርደው በሩ ላይ ያለውን እጀታ እያሽከረከሩ ነው። የዚህ መኪና መስኮት ግን በጣት ጫን ሲሉት ብቻውን ይወርዳል፣ ብቻውን ይወጣል። የሹፌሩ በር ሲቆለፍ ሌሎቹ በሮችም አብረው ይቆለፋሉ። ወንበሩ በሞተር ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ከፊት ካሉት ቀዳዳዎች ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። ፍሬኑ እንኳ የተለየ ነበር፤ በጭቃ ላይ ድንገት ቢረግጡት ጎማውን አንቆ አያንሸራትትም። ዓለምነህ ያን ቀን ወደ ቤቱ የገባው ስለ መኪና አውቃለሁ ያለውን ሁሉ እየተጠራጠረ ነበር።

አቶ በእውቀቱ ለሥራ ወደ ጎንደር ሲሄዱ ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ዘንድ፣ ሻይ መጠጣት ይወዱ ነበር። እሳቸው ሻይ ቤት ሲገቡ ሰው መኪናውን ይከበዋል። ዓለምነህም መስኮቱን ያወርድላቸዋል፣ መልሶ ያወጣላቸዋል። ከውስጥ ማን እንደሚጎትተው የሚጠይቅ አይጠፋም፤ እሱም በሩን እየዳበሰ እዚህ ውስጥ ትንሽ ሞተር አለ ብሎ ያስረዳል። የሚያስረዳበት ድምፅ የአባቱን የስብከት ድምፅ ይመስል እንደነበር የሰሙት ይናገራሉ።

አንድ ሚያዝያ፣ ፀሐይ ሜዳውን ባቃጠለችበት ቀትር፣ ከከበበው ሰው መካከል አባቱን አየ። ከገበያ ሲመለሱ ነበር፤ ጥላቸውን እንደያዙ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል። ዓለምነህ ወርዶ መስቀላቸውን ተሳለመና በሩን ከፈተላቸው። መግባቱን አልፈለጉም። በወረደው መስኮት በኩል ግን እጃቸውን አስገቡ። ቀዝቃዛው አየር ሲነካቸው ወዲያው አወጡት፤ መዳፋቸውን አገላብጠው አዩ፤ እንደገና አስገቡ።

«በሚያዝያ ይኸን ውርጭ ከየት አመጣኸው?» አሉት።

ዓለምነህ ሞተሩ አየሩን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ይነግራቸው ጀመር። እጃቸውን ሳያወጡ እስኪጨርስ ድረስ አዳመጡት። ከዚያ ባርከውት ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ የድቁናው ነገር በአባትና ልጅ መካከል ተነስቶ አያውቅም።

ሚስቱ ጸሐይነሽ የምትኖረው ወረታ ነበር፤ እሱ የሚመጣው ዕረፍት ሲያገኝ ነው። በመጣ ቁጥር ስለ መኪናው ያወራላታል። እሷም ትጠይቀዋለች፦ ወንበሩ እስከምን ይዘረጋል፣ ቅዝቃዜው ጉንፋን አያስይዝም ወይ፣ መብራት ሲጠፋ መስኮቱ ምን ይሆናል? ሳታየው የመኪናውን ውስጥ እንደ ጓዳዋ አወቀችው።

አንድ ጊዜ እሱና አቶ በእውቀቱ ከሐሙሲት በኩል ሲመጡ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ አገኟት። ዱቄት ተሸክማለች፤ ፀጉሯም ቀሚሷም ነጭ ሆኗል። ዓለምነህ እንደ ልማዱ ጡሩምባውን በቀስታ ነካ አደረገው። አቶ በእውቀቱ ማን እንደሆነች ጠየቁት፤ ሲነግራቸው አስቆሙትና መስኮቱን ራሳቸው አውርደው እንድትሳፈር ለመኗት።

«ይቅር ይበሉኝ ጌታየ፣ ዱቄት ሆኛለሁ። ወንበሩን አበላሸዋለሁ» አለች።

ምንም አይደለም ቢሏትም እንቢ አለች። ዓለምነህ በኋላ ማሳያው መስታወት ውስጥ እያነሰች ስትሄድ አያት። ሌላ ጊዜ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ሌላ ጊዜ ግን አልመጣም።

መንግሥት ሲለወጥ አቶ በእውቀቱ ከሥራቸው ተነሱ። መኪናው በድርጅቱ ግቢ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ቆይቶ በጨረታ ተሸጠ። ዓለምነህ ወረታ ገባና ወደ ደብረ ታቦር ሚኒባስ መንዳት ጀመረ። የሚኒባሱ መስኮት በእጅ ይገፋል፤ ሲዘንብ ያፈሳል። ከሰው ጋር ዶሮውና በጉ ይሳፈራል። ያ ሥራ ልጆች አሳደገለት፤ ልጁን ትርሲትንም አስተማረለት። ቢሆንም ዳገቱን ሲጨርስና መኪናው ፋታ ሲያገኝ ጣቱ አንዳንዴ በሩ ላይ የሌለ ነገር ይፈልግ ነበር።

አንድ ቀን መለዋወጫ ሊገዛ ጎንደር ሄዶ መርሰዲሱን ጋራዥ ግቢ ውስጥ አገኘው። ጎማ የለውም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የኋላው መስኮት ግማሽ ድረስ ወርዶ ቀርቷል፤ ወንበሩ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። ዓለምነህ ኮፈኑን በመዳፉ ጠረግ አደረገውና ወጣ። ይህን ለጸሐይነሽ የነገራት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን የሚያስታውሰው በራሱ መንገድ ነው። ከመርሰዲሱ አንድ አንድ ነገር እየወረደ ወደ ሌላ ሰው መኪና የሚገባ ይመስለው ነበርና። መጀመሪያ የአንድ እርዳታ ድርጅት ፒክአፕ ቀዝቃዛ አየሩን እየነፋ ወረታ መጣ። በኋላ ሩዝ ሜዳውን ሲሞላውና ነጋዴው ሲበዛ፣ አንዱ ከትንሽ የቤት መኪና ወርዶ ከሩቅ ቁልፉን ሲጫን በሮቹ ሁሉ በአንዴ ተቆለፉ። ቀጥሎ የሥራ ጓደኛው የኋላሸት አዲስ ሚኒባስ ያዘና ዓለምነህን መናኸሪያ ውስጥ ጠርቶ የፊት መስኮቱን በጣቱ አወረደለት፣ አወጣለት። ዓለምነህ ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ እያለፈ ነው፤ ዞሮ ያየ አንድም አልነበረም።

ያን ዕለት ለጸሐይነሽ ሲነግራት ደስ ብሎት እንደሆነ ወይም ከፍቶት እንደሆነ ለራሱም አልገባውም። ለየኋላሸት ደስ ብሎታል፤ ጥሩ መኪና ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው ከቦ የቆመለት፣ አባቱ እጃቸውን አስገብተው ያዳመጡበት ነገር እንዲህ ዝም ብሎ የማንም መሆኑ ከነከነው።

ትርሲት አሁን ባሕር ዳር ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ባለፈው ዓመት ከባሏ ጋር ሆነው በኤሌክትሪክ የምትሄድ የቤት መኪና ገዙ። ኅዳር ላይ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ሳምንት፣ እናትና አባቷን ወንዛዬ ፍል ውኃ ልትወስድ መጣች፤ የጸሐይነሽ ጉልበት ከክረምቱ ጀምሮ እያመማት ነበር። መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት ደጃፍ ላይ ስትቆም የሰማት የለም።

ዓለምነህ ዞራት። ጎማዋን አየ፣ መብራቷን አየ፣ ከዚያ ገብቶ ተቀመጠና እያንዳንዱን ነገር ይጠይቅ ጀመር። ትርሲት አሳየችው። ቁልፉ ከቦርሳዋ ሳይወጣ በሩ ይከፈትላታል። መብራቱ ሲመሽ ራሱ ይበራል። ወደኋላ ስትሄድ የኋላው ከመሪው ጎን ባለው ስክሪን ላይ እንደ ቴሌቪዥን ይታያታል። ከመሥመሯ ስትወጣ መሪው ይንቀጠቀጣል። ወንበሩም ይሞቃል።

«ይኸ መቸም የባለጠጋ መኪና ነው» አላት።

«የለም አባየ፣ መካከለኛው ነው። እኛ ሥራ ቤት ብዙ ሰው ይዞታል።»

ጸሐይነሽ ከልጇ ጎን ከፊት ገባች፤ እሱ ከኋላ ሊገባ ሲል ነጠላዋን በር እንዳይዘው ሰብስቦ አቀበላት፤ የድሮ ልማዱ ነው። ጠዋቱ ይበርድ ስለነበር ትርሲት የእናቷን ወንበር አሞቀችላት። ጸሐይነሽ ሙቀቱ ወገቧ ሲደርስ ፍል ውኃው እዚሁ ከሆነ ምን እንሄዳለን ብላ አሳቀቻቸው። ከዚያ ማንም ሳያሳያት በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ፈልጋ አገኘችና መስኮቱን አወረደችው።

«እንዲህ ዝም ብሎ ነው እንዴ የሚወርደው?» አለች ወደኋላ ዞራ። «አንተ ስትነግረኝ የሚጮህ ነበር የመሰለኝ።»

«የዚያኛው ትንሽ ያጉረመርም ነበር» አላት።

ከከተማው ሲወጡ ትርሲት መኪናዋን አቆመችና እንዲነዳት ጠየቀችው። መሪ ከጨበጠ ዓመታት አልፈዋል፤ መንጃ ፈቃዱን ግን ያሳድሰዋል። ጸሐይነሽ ወደኋላ ተዛወረች፤ ትርሲት ከጎኑ ተቀመጠች። ፍሪሲዮን የለም፣ ማርሽ የለም። እግሩን አሳረፈ፤ መኪናዋ ሄደች። ወዲያው ጀርባው ቀና፣ አንገቱ ቀጥ አለ። ትርሲት በልጅነቷ የምታውቀውን ሰው ከጎኗ አየችው።

ጉማራ ሳይደርሱ ከብት መንገድ ሲያቋርጥ አገኙ፤ ሩዝ ወደታጨደበት ቃርሚያ የሚነዱ ሰፋፊ የፎገራ ላሞች ናቸው። ዓለምነህ ፍጥነቱን ቀነሰና ቆሞ አሳለፋቸው። የመጨረሻዋ ላም ስትሻገር እግሩን አሳረፈ። በዚያች ቅጽበት መኪናዋ ጮኸችና ሁሉንም ወደፊት እየወረወረች ራሷን አቆመች። አንድ ጥጃ እናቱን ተከትሎ በግራ በኩል ገብቶ ነበር። የዓለምነህ እግር ገና ፍሬኑ ላይ አልደረሰም።

ከብት ነጂው ሰውየ ሹፌሩ አይቶ ያቆመ መስሎት ዱላውን ከፍ አድርጎ አመሰገነው። ዓለምነህም እጁን አነሳለት።

«አይቸው ነበር» አለ፣ ከብቱ ካለፈ በኋላ። ከዚያ ዞሮ ጥጃውን አየና «አላየሁትም» አለ።

ትርሲት መኪናዋ ይህን የምታደርገው ለሁሉም ሰው እንደሆነ፣ ለእሷም ባሕር ዳር ላይ እንዳደረገችላት በቀስታ ነገረችው። ሰማት። በመርሰዲሱ ጊዜ አቶ በእውቀቱ ሐሙሲትን ሳያልፉ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር፤ እሱን አምነው ነበር የሚተኙት። ያ እምነት ከደመወዙም ከስሙም ይበልጥበት እንደነበር እስከዛሬ አልታወቀውም ነበር። አሁን መኪናዋ ልጁንና ሚስቱን ከእሱ ዓይን አስቀድማ ጠበቀችለት። ከመንገዱ ዳር ጥጃው እናቱን አግኝቶ ይጠባል። ዓለምነህ እያየው ተነፈሰ።

በሩን ከፍቶ ወረደና «ንጂ ልጄ» አላት። ትርሲት ወደ መሪው ስትዞር የፊቱ ቦታ ባዶ ሆነ፤ እሱ ግን ወደኋላ ሄዶ ከጸሐይነሽ ጎን ተቀመጠ። ገፋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

ያን መንገድ ዕድሜውን ሁሉ ተመላልሶበታል። የሚያውቀው ግን ፊት ለፊቱን ነው፤ ጉድጓዱን፣ ድልድዩን፣ ከብት የሚሻገርበትን። ጎኑን አያውቀውም። ሜዳው እስከ ዓይን ጥግ ተዘርግቷል፤ የታጨደው ሩዝ በየቦታው ተከምሯል፤ ውኃ ባልደረቀበት ወፎች ቆመዋል። ይኸ ሁሉ መቼ ሩዝ እንደሆነ ጠየቃት። ጸሐይነሽ የትኛው ድሮ ጓያ ይዘራበት እንደነበር፣ የትኛው ለግጦሽ ብቻ የተተወ እንደነበር፣ አሁን የማን እንደሆነ በጣቷ እያሳየች ነገረችው። ሁሉንም በእግሯ ሄዳበታለች።

«ከዚያ ዋርካ ሥር እናርፍ ነበር» አለችው፣ ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ ያለ ትልቅ ዛፍ እያሳየችው። «ከሐሙሲት ገበያ ስንመለስ። አንተ ስታልፍ እናይህ ነበር።»

«አይቻችሁ አላውቅም።»

«መንገድህን ነዋ የምታይ።»

ዓለምነህ ዛፉ ከኋላቸው እስኪቀር ዞሮ አየው። ከእሷ ጋር እነማን ያርፉ እንደነበር ጠየቃት። ጸሐይነሽ ወለተ ሐና ብላ ጀመረች፤ ያቺ እንኳ አሁን በሕይወት የለችም። የእሷን ነገር ሳትጨርስ ወደ ሌላዋ ተሻገረች፤ ማን ከማን እንደተጣላች፣ ማን ምን ተሸክማ እንደነበር፣ አንድ ቀን ዝናብ ሲይዛቸው እንዴት እንደሳቁ። ሐሙሲት ደርሰው ትርሲት ወደ ወንዛዬ ስትታጠፍ መንገዱ ኮረኮንች ሆነ፤ መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለነበረች ቀስ ብላ ትነዳ ጀመር። ከኋላ እናትና አባቷ አልተጣደፉም። ጸሐይነሽ እያወራች ነበር፤ ዓለምነህም እየጠየቃት።