ጣሪያችን ላይ የነበረችው አልማዝ

ደብረ ሲና በተከራየኋት ክፍል ውስጥ የአክሪሊክ ቀለም ስከፍት፣ ያ እንደ ሙጫም እንደ እርጥብ ኖራም የሚለው ሽታ ሲመታኝ፣ መስኮቴ ላይ ጉም ተለጥፎ እያየሁት እንኳ ጀርባዬን ያልበኛል፤ ሽታው ያደግኩባት የሞቃቷ ሸዋ ሮቢት ነዋ።

ጎረቤታችን ጋሼ ሽፈራው የሱቅና የሆቴል ታፔላ ይጽፉ ነበር፤ እኔም አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ቀዥቃዣ ስለነበርኩ ከትምህርት ቤት መልስ እሳቸው ደጅ ነው የምውለው። በውሃ የሚቀጥነው የግድግዳ ቀለማቸው በእኛ አገር ሙቀት ሳይዋሃድ ስለሚደርቅ፣ መቀላቀያ ክዳናቸውን እርጥብ ጆንያ ላይ አስቀምጠው "ቶሎ በይ እንጂ፣ ፀሐይዋ አክስትሽ አይደለችም" ይሉኝ ነበር።

እህቴ አልማዝ አረብ አገር ልትሄድ፣ እናቴ ማንጎ ከምትሸጥበት መንገድ ዳር አውቶቡስ የተሳፈረች ቀን አላለቀስኩም። ሴቶቹ "ይቺ ልጅ አንጀት የላትም" አሉ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም የሌለኝ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ሽፈራው ግን የተበላሸ የቆርቆሮ ታፔላ ሰጡኝና "ፊደል እንዳትጽፊበት፣ ፊደል ሰልችቶኛል" አሉኝ። ቢጫ ላይ ቀይ ብደፋበት የበሰለ ማንጎ መሰለ፤ ሰማያዊ ጠብ ሳደርግበት ጭቃ ሆነ፤ ነጭ ስጨምርበት ደግሞ አውቶቡስ ካለፈ በኋላ መንገዱ ላይ የሚቀረውን አቧራ ሆኖ ቁጭ አለ። ሳይደርቅብኝ በመዳፌ እየዳመጥኩ ቆርቆሮውን ሞላሁት፤ እንባዬ መቼ እንደመጣ አላውቅም።

"ምንድን ነው?" አሉኝ።

"አልማዝ ናት።"

ትንሽ አዩትና "አፍንጫ ስላላወጣሽላት ደግ አደረግሽ፤ አፍንጫ ያስቸግራል" አሉ።

እናቴ "ልጄን ያረረ ሽሮ አስመሰልሻትሳ" ብላ ሳቀችብኝ። ክረምት ሲገባ ግን በዚያው ታፔላ የሚያፈሰውን የጣሪያችንን ቀዳዳ አስደፈነችው፤ ቀለሙን ወደ ውስጥ፣ በአልጋዋ ትይዩ አድርጋ። "ዝናብ እንዳያጥበው ነው" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ሲያደክመን አጠገቧ በጀርባዬ እጋደማለሁ፤ ሁለታችንም ወደ ላይ እናያለን፤ በበሩ የሚገባው ብርሃን ሲያዘነብል አቧራው ውስጥ ያ የማንጎ ቀለም ብቅ ይላል።

በኋላ አልማዝ በላከችው ብር ጣሪያው ተቀየረ። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሠራተኞቹ አሮጌውን ቆርቆሮ ሁሉ ሰብስበው ለቆራሌው ሰጡት።

ያን ቀለም መልሼ ለማግኘት ስንት ሸራ አበላሸሁ። የደብረ ሲና ብርድ ቀለሙን ቶሎ አያደርቀውም፤ ለማሰብ ጊዜ አገኛለሁ፣ ሳስብ ነው የሚጠፋብኝ። አልማዝም አልመጣችም፤ ልጆቿ በአረብኛ ሲጠሯት በስልኩ ይሰማኛል።

እሁድ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ከእናቴ ቤት ስደውልላት፣ አልማዝ "ቤቱ አሁን ያፈሳል እንዴ?" ብላ ትጠይቀኛለች።

"ኧረ አያፈስም" እላታለሁ።

"ያበራል በያት" ትለኛለች እናቴ፣ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ፣ የማንጎው ቀለም ብቅ ይልበት በነበረው ቦታ ባዶውን አዲስ ቆርቆሮ እያየች።