ለመጽሐፍ የተላኩ ሽማግሌዎች

በፈረንጅ ሰማንያ አራት ላይ ማንደፍሮ ባሏ የሞተባት የአምስተርዳም ሴት ሊያገባ ሽማግሌ ላከ ተባለ። ወሬው ሮተርዳም ሲደርስ ሴትዮዋ ሁለት ቤት ነበራት፤ ዴን ሃግ ሲገባ ሦስተኛው ተጨመረላት።

ነገሩስ ሌላ ነው። ማንደፍሮ ሮተርዳም ወደብ መርከብ የሚያጸዳ ዝምተኛ ሰው ነው። አዲስ አበባ፣ ቀበሌ እስር ቤት ያየውን ሁሉ፣ የአሳሪዎቹን ስም ሳይቀር፣ በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ራሱን «ባዩ» በሚል የብዕር ስም ሸፍኗል። ፈርቶ ነው፤ ግን ለራሱ አይደለም። ታናሽ እህቱ የትነበርሽ ዛሬም እዚያው ቀበሌ ትኖራለች። ይህን ለማንም አልተነፈሰም፤ እኛን የስደት ወሬኞቹን ያውቀናላ!

አሳታሚዎች ወኪል ፈልግ አሉት። ወኪል ማለት መጽሐፍህን ይዞ አሳታሚ ደጅ የሚቆምልህ ሰው ነው። አምስተርዳም ላለችው ወኪል ለወይዘሮ ሃኒ ጽሑፉን ልኮ፣ «መጽሐፌ ግሩም ነው» የሚል ደብዳቤ ማስከተል ነበረበት። ሰው ራሱን እንዴት ያሞግሳል? እየጀመረ ቀደደው። በመጨረሻ ዴን ሃግ ሄዶ፣ ሰው በማስታረቅ የታወቁትን ጋሼ አድማሴን ለመናቸው።

«ምን ብለን እንሂድልህ?»

«ልጁ ጨዋ ነው፣ መጽሐፉም አይከፋም በሉልኝ።»

ጋሼ አድማሴ ሁለት እኩዮቻቸውን አስከትለው፣ ጋቢ ደርበው፣ በባቡር ሄዱ። ወይዘሮ ሃኒ «ተቀመጡ» አለች።

«መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ፣ በድሮው የባንክ ቤት እንግሊዝኛቸው። ዘሩን ቆጠሩ፤ ምግባሩን አወሱ፤ መታሰሩንም ጨመሩ። ሴትዮዋ ያልገለጠችውን ጽሑፍ ከክምሩ መዝዛ እዚያው ማንበብ ጀመረች። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ጠበቁ።

«እወስደዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ግን በእውነተኛ ስሙና በፎቶው። ስም የሌለውን ምስክር ማን ያምነዋል?»

«ልጃችን የሚደብቀው ፊት የለውም! ቃላችን ነው» አሉና ተቀመጡ።

እሑድ ጋሼ አድማሴ ቤት ዶሮ ተሠራ፤ እኛም ተጠራን። ማንደፍሮ የሆነውን ሲሰማ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ በባዩ ስም ነው የጻፍኩት።»

«ባዩ የሚባል ሰው አላውቅም። የለመንኩት ለማንደፍሮ ነው።»

«ይቅርብኝ ብላትስ?»

«ምን? ሦስት ሽማግሌ ቀጣፊ ሊባል? ከእንግዲህ ለአንተ ደጅ የሚቆም ታገኛለህ?»

«ሙሽራው ፈራ!» አሉ ባለቤታቸው እትዬ ወለተሥላሴ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ጋሼ አድማሴ ወይዘሮ ሃኒ የሰጠቻቸውን ውል ከድስቱ አጠገብ ዘረጉና እስክሪብቶ አስያዙት። በግራ በቀኝ ተጠጋግተን ስለተቀመጥን ልነሳ ቢልም መውጫ አልነበረውም።

«ፈርም እንጂ፣ ምን ይዞሃል?»

ቀና ብሎ አያቸው።

«እህቴ የትነበርሽ ዛሬም በታሰርኩበት ቀበሌ ናት። ስሜን ሲሰጡ የእሷንም ሰጥተዋል፣ ጋሼ፤ የአባታችን ስም አንድ ነው።»