እርቄ ሳይደርሰው የቀረው ደምሴ

ይህን በስልክ የምትጽፈው ልጄ ሂሩት ናት። የምናገረው እኔ ነኝ።

ደምሴ ሞተ አሉኝ። እኔ ግን ገና አላመንኩም። የሞተው ማክሰኞ ነው፤ ዛሬ ዓርብ ነው። እሱ ሞቶ እኔ ስበላ፣ ስጠጣ፣ በቴሌቪዥን ኳስ ሳይ ነበር።

ሂሩት ረቡዕ ጠዋት ሰምታለች። ደብቃኛለች። ይህንንም ጻፊ አልኳት፤ እያለቀሰች ጻፈችው። ደም ግፊት አለበት፣ በወጉ ይረዳ ብለው ተማክረው ነው።

ዛሬ ሲነጋጋ እዚህ ለንደን፣ ባተርሲ ያለው ቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ቄስና ሁለት ሽማግሌዎች ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። ሽማግሌዎቹን አውቃቸዋለሁ። ለገና ሰሞን ደምሴ ለእርቅ ልኳቸው፣ ቁጭ በሉ እንኳ ሳልል ከደጅ የመለስኳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ ቄስ ጨምረው መጡ ብዬ ሳቄ መጣ።

«ግቡ፣ ግቡ» አልኳቸው። «በከንቱ ደከማችሁ። እኔ ታርቄዋለሁ። በስልክ ድምፄን ልኬለታለሁ። ከስፔን ሲመለስ ቁርጥ እጋብዘዋለሁ።»

አንደኛው ሽማግሌ ግድግዳውን ተደግፎ ማልቀስ ጀመረ። ያኔ ነው የገባኝ።

ደምሴን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር የሠራ ሰው ነው። እዚህ ለንደን ፓርክ ሮያል፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አብረን ሳንድዊች ስናሽግ ኖርን። ሥራ የምንሄደው በብስክሌት ነበር። አንድ ጠዋት የጭነት መኪና መስታወት ትከሻዬን መትቶ ጣለኝ። ደምሴ አነሣኝና «መኪና ሳይጨርስህ መኪና የሌለበት መንገድ እወስድሃለሁ» አለኝ።

ወሰደኝም። ስፔን፣ ገጠር። ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ መስመር ነው፤ ሐዲዱን ነቅለው ለብስክሌት ደልድለውታል። መኪና ድርሽ አይልበትም። ግራ ቀኙ ወይራና ድንጋይ ነው። ግማሽ ቀን ነድተህ የምታገኘው አንድ ሽማግሌ ከነውሻው ነው። ጡረታ ከወጣን ወዲህ በየዓመቱ እንሄድ ነበር።

ጉልበቴ ሲዝል ከኋላዬ ሆኖ «ባቡር ዳገት አይወድም፣ አይዞህ!» ይለኛል። መንገዱ የተሠራው ለባቡር ስለሆነ የከፋ ዳገት የለበትም ማለቱ ነው። ዋሻ ውስጥ ስንገባ እንደ ባቡር ይጮሃል። የሌሊት ወፉ ሁሉ ደንግጦ በራሳችን ላይ ይተራመሳል። እኔ እሰድበዋለሁ፣ እሱ ይስቃል።

እኔ ያን መንገድ የወደድኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ሰው ፊት ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ እናገረዋለሁ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የአማርኛውንም፣ የእንግሊዝኛውንም። ይህን የሚያውቅ ደምሴ ብቻ ነበር። ከካውንስል፣ ከሰፈሩ አስተዳደር፣ ደብዳቤ ሲመጣ ክላፋም፣ ማንም የማያውቀን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቁጭ ብለን ያነብልኛል፤ ፎርሙንም ይሞላልኛል። ለሌላው ሰው «መነጽሬን ረሳሁ» ነው የምለው። እዚያ መንገድ ላይ ግን የሚነበብ ነገር የለም። ቀድሜው ብሄድ አልጠፋም። በዚህ ሁሉ የስደት ዘመን ሰው ሳልጠይቅ የሄድኩበት መንገድ እሱ ብቻ ነው።

ሂሩት አሁን መጻፏን አቁማ «አባዬ፣ እኔ እኮ ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ» አለችኝ። ዝም ብለሽ ጻፊ አልኳት።

አምና ሦስት የቤተ ክርስቲያን ልጆች አብረውን መጡ። አንዱን የድሮ ባቡር ጣቢያ ምግብ ቤት አድርገውታል፤ እዚያ አረፍን። አስተናጋጁ የምግብ ዝርዝር ሰጠን። ደምሴ አየኝና «እሱን ተዉት፣ ገልብጦ ነው የያዘው!» አለ። ለማሳቅ ነው። ልጆቹም ሳቁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ተነሣሁ። እህል ሳልቀምስ ብቻዬን ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ አላናገርኩትም። ደወለ፣ አላነሣሁም። ሽማግሌ ላከ፣ መለስኩ። ዘንድሮ ብቻውን ሄደ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ዳር፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሞቶ አገኙት። ልቡ ነው አሉ። መኪና የማይደርስበት መንገድ ላይ አምቡላንስም ቶሎ አይደርስም። አጠገቡ የሚጮህለት ሰው አልነበረም። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ረቡዕ ናፈቀኝ። ስልኬ ላይ ፎቶው አለ፤ እሱን ተጭኜ ድምፄን ላክሁለት። «አንተ ቀጣፊ፣ ወይራውን ብቻህን ለቅመህ ጨረስከው? በመስከረም አብሬህ እመጣለሁ» አልኩት። ሂሩት አጠገቤ ነበረች። ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ሐሙስ ደግሜ «ምነው፣ ተራህን ኮራህብኝ?» ብዬ ሳቅሁበት።

ስልኩ ለካ በሚስቱ በበላይነሽ እጅ ነው። አስከሬኑን ልትረከብ ስፔን ሄዳ፣ የአስከሬን ክፍል ደጅ ተቀምጣ ነው የኔን ሳቅ የሰማችው። በላይነሽ፣ እህቴ፣ ማሪኝ። አላወቅሁም።

ደምሴ፣ ሦስት ልጆች ፊት አዋረድከኝ ብዬ ዓመት አኮረፍኩህ። ይኸው ዛሬ አገር ምድሩ እንዲያነበው በራሴ አፍ አስጻፍኩት። ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም፣ የምቆጣህም የለኝም። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። አንተ ይቅር ማለትህን ግን ማን ይነግረኛል? ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብልኝ አንተ ነበርክ።

ደህና ሁን ወንድሜ። አፈሩን ያቅልልህ።

በይ ሂሩት፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አንድ ቃል እንዳታስቀሪ።