መርዶው የማን ነው

እኔ የምፈራው በረዶ ነው። ከከተማችን ወጣ ብሎ ወዳለው ኦኮቶክስ ለሥራ ስነዳ መንገዱ በረዶ ከጋገረ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጸሎት ሁሉ ይመጣልኛል። ሚስቴ ያንኑ መንገድ እየዘፈነች ትነዳዋለች። የእሷ ፍርሃት ሌላ ነው፤ በጠዋት በር የሚያንኳኳ ሐበሻ ነው።

ለምን እንደሆነ የማይገባው የአገራችን ሰው የለም። እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። አገር ቤት ያለው ዘመድ እዚህ ላለ ወዳጅ ይደውላል፣ ወዳጁ ሽማግሌ ያሰባስባል፣ ከዚያ ሥራ የሌለበት ቀን ተመርጦ ሐዘንተኛው ገና ፊቱን ሳይታጠብ ቤቱ ይገባል። ባልና ሚስት ከሆኑ ደግሞ ለአንዱ ቀድሞ ይነገረዋል፤ ሌላው ኢንተርኔት ላይ እንዳያየው ስልኩን እንዲሰውርበት፣ ማታ ደህና አድርጎ እንዲያበላው። ደግ ልማድ ነው። የእኔን ሚስት ግን ቁም ስቅሏን አሳያት።

እናቷ አዲስ አበባ ስኳርና ኩላሊት ይዟቸው አልጋ ላይ ናቸው። ስለዚህ ዋይትሆርን ሰፈር ያለው ቤታችን ሳይደውሉ መምጣት ክልክል ነው። አንድ ሰው እንዲያው ለወሬ ያህል «ቅዳሜ ሺፍት አለሽ እንዴ?» ካላት አለቀ፤ ሰንሪጅ የገበያ አዳራሽ ከምትሠራበት ጫማ ቤት ስቶር ውስጥ ተደብቃ ትደውልልኛለች። «የሰማኸው ነገር አለ? በእግዚአብሔር ስም፣ እንዳትደብቀኝ!» አንዴማ የሠርግ ካርድ ይዘው በጠዋት የመጡ ሰዎች አይታ እሪ አለች። ሙሽራው ደንግጦ ካርዱን በረዶ ላይ ጣለው። ስንት ጊዜ ሳቅሁባት! «እናትሽ እኮ ሁላችንንም ቀብረው ነው የሚሄዱት» እላታለሁ። «ወሬኛ! አንተ ምን አለብህ» ትለኛለች።

እውነቷን ነው፣ ምንም የለብኝም ብዬ ነበር። አባቴና እናቴ የሞቱት ልጅ ሳለሁ ነው። የቀረኝ አንድ ታናሽ ወንድም ነበር፤ እሱም ጤናው የተሟላ፣ ጉንፋን እንኳ የማያውቀው ሰው።

ባለፈው ዊንተር፣ በበረዶው ወራት፣ አንድ አርብ ጓደኛዬ ደወለልኝ። «ነገ ጠዋት ቤት ነህ? ሶፋ ታሸክመኛለህ» አለኝ። ወገቤን አሞኛል ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። «ለማንኛውም እንዳትወጣ» ብሎ ዘጋው። ብር ጨንቆት ነው፣ ሰው መከራየት አቅቶት ነው አልኩና ረሳሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ፍርፍር እያማሰልኩ ሳለ ሚስቴ ከሳሎን «መጡ» አለች። ድምፅዋ ድምፅ አይመስልም። ሄጄ በመስኮት ሳይ መኪኖች በራችን ፊት ፓርክ አድርገዋል። የቸርቻችን ሽማግሌ ጥቁር ካፖርት ለብሰው እየወረዱ ነው። ባለቤታቸው ከትራንኩ ትልቅ ፔርሙዝና የታሸገ ውኃ ያወጣሉ። ጓደኛዬም አብሯቸው አለ፤ ወደ ቤታችን ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል። ፔርሙዝ ይዞ ሶፋ ለመሸከም የሚመጣ ደግሞ የለም።

«አትክፈት! በናትህ አትክፈት!» ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች። «ካልከፈትን ይሄዳሉ! ካልከፈትን እማዬ አልሞተችም!»

ደወሉ ተደወለ። አቅፌ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እላታለሁ፤ በሆዴ ስለ እናቷ ምን እንደምላት ቃል እመርጣለሁ። ለቲኬቱም ማን ጋ እንደምደውል አሰብኩ። እጄን ወደ በሩ ስዘረጋ ነው ነገሩ የገባኝ።

የእሷ ቢሆን ኖሮ ቀድመው ለእኔ ይነግሩኝ ነበር።

ለእኔ የነገረኝ የለም። ለእሷም አልነገሯት፤ ማን ደፍሮ ይነግራታል? ገና ስትሰማ መንደሩን በጩኸት ታናጋዋለች። ስለዚህ ለሁለታችንም ሳይናገሩ መጡ። ሶፋ አሸክመኝ የተባልኩት ግን እኔ ነኝ።

እሷን እንደያዝኩ በሩን ተደገፍኩት። «ጌታ ሆይ፣ የእሷ እናት ይሁኑ። አርጅተዋል፣ ታመዋል። እባክህን እሳቸው ይሁኑ።» እንዲያ ከልቤ ጸልዬ አላውቅም። ደረቴ ላይ የምታለቅሰው የገዛ ሚስቴ ናት፤ እኔ የእናቷን ሞት እለምናለሁ።

ከፈትኩ። ሽማግሌው ወደ እሷ አላዩም። ሁለት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ በርታ። ወንድምህ ነው። ድንገት ልቡ ነው አሉ።»

«ተመስገን!»

ከኋላዬ ነው፣ ሚስቴ ናት። በር ላይ የቆመው ሁሉ ሰማ። ወዲያው አፏን በሁለት እጇ አፈነች፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ከእኔ በላይ አለቀሰች። እኔ እንባዬ አልመጣ ብሎኝ ጫማ ማስቀመጫው ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ እየተሻገሯት ገቡ።

እስካሁን ይቅርታ ትጠይቀኛለች። ዕቃ እያጠብን በመሃል ሳህኑን ታስቀምጥና «አምልጦኝ ነው እኮ፤ ታውቃለህ አይደል?» ትለኛለች። አውቃለሁ፣ ፍርሃት ነው እላታለሁ። ቸርች ውስጥ አንዳንድ ሴቶች ዛሬም ሰላምታዋን በግማሽ ነው የሚመልሱት። የእሷን ቃል ሰው ሰምቷል። የእኔን ጸሎት የሰማው እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ የምነግራትም አይመስለኝም።

እናቷ አሁንም አሉ። እሑድ እሑድ ስንደውል ከእሷ አስቀድመው እኔን ይጠይቃሉ። «ወንድም የለኝም እንዳትል፣ እኔ አለሁልህ ልጄ» ይላሉ በዚያ በደከመ ድምፃቸው። «ከዕድሜዬ ቀንሶ ለአንተ ይጨምርልህ።» አሜን ማለት ያቅተኝና ስልኩን ለልጃቸው እሰጣታለሁ።